ቆሽቴን ልጠብቅ ብዬ

ቆሽት በየትኛው ጎን እንዳለ የምታውቁ እስቲ እጃችሁን አውጡ። አላወጣችሁም። እኔም አላወጣም ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ስለ ቆሽት የማውቀው ሰው ሲናደድ የሚያርር መሆኑን ብቻ ነው። የትራክተሬ ናፍጣ ማጣሪያ በተደፈነ ቁጥር ቆሽቴ ያርራል። የሰሊጥ ዋጋ ሲወርድ ያርራል። የሚስቴ ወንድም ጋሽ ተፈራ «ልጠይቃችሁ መጣሁ» ብሎ ሻንጣ ይዞ ሲገባ ደግሞ ድብን ይላል። ይህን ሁሉ ዓመት እንዲህ እያረረ አንድ ቀን እንኳ ሳያስቸግረኝ አብሮኝ ኖረ። እንዲህ ያለ ታጋሽ ነገር ታሞ ሰው ይጥላል ብሎ ማን ያስባል?

ነገሩ የተጀመረው ጎረቤቴ ፈንታሁን ከጎንደር ሲመለስ ነው። ፈንታሁን ሰሊጥ ነጋዴ ነው። ሲሄድ በባጃጅ በር የማይገባ ሰው ነበር፤ ሲመለስ ሸሚዙ እሱን ይዞት መጣ ማለት ይቀላል። እዚህ መተማ ዮሐንስ፣ ከጉምሩኩ ዝቅ ብሎ፣ ሻይ የምንጠጣባት አንዲት ራኩባ አለችን። አራት እንጨት ቆሞ ሣር የለበሰባት ጥላ ናት፤ በዚህ ሙቀት ግን ቤተ መንግሥት ናት። እዚያ ገብቶ ቁጭ አለና፣ «ቆሽትህ ነው አሉኝ» አለ።

«ቆሽት ደግሞ ይታመማል እንዴ?» አልሁት።

«ተቆጥቷል ነው ያለኝ ሐኪሙ።»

«በማን?»

«በአረቄውና በጮማው ነዋ! በማን ይቆጣል?»

ከዚያ ሕመሙን ይተርክልን ጀመር። ከእምብርት ከፍ ብሎ ይጀምራል፤ ወደ ጀርባ ዘልቆ ይወጋል፤ ሰውን ወደ ፊት ጎንበስ ያደርገዋል። እሱ ይህን ሲናገር ራኩባዋ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ እጁን ቀስ አድርጎ ሆዱ ላይ አኖረ። አንዱ በቀኝ ያዘ፣ አንዱ በግራ። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ጭራሽ ጉልበቱን ይዞ አየሁት። እኔ ስሕተት እንዳይኖር ብዬ በሁለት እጄ ሁሉንም ያዝሁት።

ሌላው ወዲያው ረስቶ ሳቀ። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። አባቴ የሞተው እንዲሁ ሆዱን ይዞ ጎንበስ እንዳለ ነው። ያን ጊዜ የሆድ በሽታ ዝርዝር የለውም፤ ሆድ ሆድ ነው። ጠላው ተጠምቆ፣ ዳሱ ተጥሎ፣ ለሰርጌ አንድ ቀን ሲቀረው ሞተና ለሰርግ የተጠመቀው ጠላ ለለቅሶ ተጠጣ። አሁን ደግሞ የኔ ልጅ ትርንጎ ለጥር ልትዳር ነው። ትርንጎ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሙሽራዋን ሁሉ እሷ እያለበሰች ኖራ ገና አሁን የራሷን ቀሚስ መስፋት ጀምራለች። እጮኛዋ ጌትነት መምህር ነው። አባቱ አቶ ቢያድግልኝ ከገንደ ውኃ ወንዝ ማዶ ሰሊጥ ያርሳሉ። በሚመጣው እሁድ ሽማግሌ ሆነው ሊመጡ ተቃጥረናል። እኔ ደግሞ ራኩባ ውስጥ ሆዴን ይዤ፣ «አባቴ የኔን ሰርግ አላየም፤ እኔ የሷን ባላይስ?» አልሁ። ይህች ሐሳብ አንዴ ከገባች አትወጣም።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት አበው ስለ ቆሽት ካልሆነ ስለ ምን ሊሆን ነው? ቅጠል ፍለጋ ወጣሁ።

ሩቅ አልሄድሁም። እንድሪስ የሚባል ለሰሊጥ አጨዳ ከወሎ የመጣ ሰው ጊቢዬ ውስጥ ያድር ነበር። አጨዳው ቢያልቅም አልሄደም። የሰው ሆድ ሲነፋ ቅጠል ይሰጣል ሲባል ሰምቻለሁ። ሄጄ ስነግረው ደነገጠ።

«አቦ ጋሼ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። ቆሽት የሚሉትንም አይቼው አላውቅ። አባቴ አንዲት ሥር ለሆድ ሲሰጥ አይ ነበር፤ በቃ።»

«ቆሽት ያለው የት ነው? ሆድ ውስጥ አይደለም?»

«ካመመዎ ሐኪም ቤት ይሂዱ።»

«አላመመኝም። እንዳያመኝ ነው።»

«ላላመመው ሰው አባቴ ሲሰጥ አላየሁም።»

«እኔ የመጀመሪያው ልሁና!»

ይህን ያህል ለምኜ ያመጣሁት ጣጣ ነው። ኋላ ብዙ ሰው በእንድሪስ ሊፈርድ ሞክሯል፤ እሱ ግን አላታለለኝም። ራሴን ያታለልሁት ራሴ ነኝ፣ ያውም ጎትጉቼ።

በመጨረሻ እጁን ሰጠና ሕጉን ነገረኝ። ሥሩ የሚነቀለው በዓርብ ጠዋት፣ ፀሐይ ሳያርፍበት ነው። የሚነቅለው ባለቤቱ ራሱ ነው፤ በሰው እጅ አይሆንም። ሰውዬው ከቤቱ ወጥቶ እቤቱ እስኪመለስ ቃል ከአፉ አይወጣም፤ ንጉሥ ቢመጣ ሰላም አይልም። ተወቅጦ ተጨምቆ ሳምንት በባዶ ሆድ ይጠጣል፤ ተጠጥቶ እስኪያልቅ ለማን እንደሆነና ለምን እንደሆነ አይነገርም። መድኃኒቱ ወንዝ አይሻገርም። ስሙ አይጠራም። ሰጪውም አይመሰገንም፤ ከተመሰገነ ይረክሳል።

«ከነዚህ አንዱ ከፈረሰስ?»

«ቅጠል ይሆናል» አለኝ።

እንግዲህ የኔን ጠባይ የማያውቅ አንባቢ የዚህን ሕግ ክብደት አይረዳውም። እኔ «እንዴት አደርህ» ብሎ የሚያልፍ ሰው አይደለሁም። ስለ ሚስቱ እጠይቃለሁ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ እርሻው፣ ስለ በሬው፤ በሬ ከሌለው ለምን እንዳልገዛ እጠይቃለሁ። ድንበር ላይ ወረፋ የያዙ የሱዳን ሾፌሮች እንኳ ከሩቅ ሲያዩኝ መስታወት ይዘጋሉ። ሚስቴ ውባለም ለራት ዳቦ ሲያስፈልጋት ከምሳ በፊት ነው የምትልከኝ። ይህ ሰውዬ ነው እንግዲህ ዝም በል የተባለው።

ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ዶማና ኬሻ ይዤ ወጣሁ። ሥሩ ያለው ከኬላው አለፍ ብሎ ከደረቀው ፈፋ ዳር ነው። እንድሪስ ከቀናት በፊት ወስዶ በአገጩ አሳይቶኛል፤ በጣት አይጠቆምም። ፈፋው ወንዝ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ተከራክረንበት፣ ውኃ እስከሌለበት ድረስ ወንዝ አይደለም ብለን ተስማምተናል።

በመጀመሪያ ያገኘኋቸው የንስሐ አባቴን ነው። መስቀል ተሳለምሁ።

«እንዴት አደርህ ልጄ?»

ዝም።

«ደህና ነህ?»

ዝም። መስቀሉን ደግመው ግንባሬ ላይ አኖሩትና ጫን አድርገው ያዙት። የፊተኛው የሰላምታ ነበር፤ ይህኛው ለሌላ ጉዳይ ነው። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ውስጤ ያለው እንዲወጣ ጠበቁ፤ የሚወጣ ሲያጡ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሄዱ።

ኬላው ላይ አንድ ሚሊሻ ቆሟል። እዚህ ድንበር ላይ በጨለማና በብርሃን መካከል ዶማ ይዞ፣ ኬሻ ይዞ፣ ስሙን ሲጠየቅ የማይመልስ ሰው ምን ተብሎ እንደሚገመት ልነግራችሁ አያስፈልግም። «ማነህ? ወዴት ነው?» አለኝ። መታወቂያዬን ሰጠሁት። መታወቂያው ደህና ሆኖ ባለመታወቂያው ዝም ሲል ይበልጥ ጠረጠረ። ዶማውን አየ፣ ኬሻውን አየ። «የተቀበረ ነገር አለ ማለት ነው» አለና ጠመንጃውን አስተካክሎ ተከተለኝ።

እሱ ከኋላ ቆሞ እኔ ቆፈርሁ። ጥልቅ እያልሁ በሄድሁ ቁጥር እሱም ጠጋ ጠጋ ይላል። በመጨረሻ እንደ ካሮት ያለች ቀጭን ሥር ከነቅጠሏ ወጣች። ሰውዬው እንዲህ ሲያዝን አይቼ አላውቅም።

«ይቺ ናት?»

ራሴን ነቀነቅሁ።

«ለምንህ ነው?»

ሕጉ አይነገርም ነው እንጂ በምልክት አይገለጽም አይልም ብዬ ሆዴን አሳየሁት። ፊቱ ወዲያው ተለወጠ። ርቦኝ ሥር የምበላ መስሎት ከኪሱ ብስኩት አውጥቶ ሰጠኝ። «አይዞህ አባቴ» አለኝ። ላመሰግነው አልቻልሁም። ጨዋ ሰው ነው፤ ብስኩቱን ይዤ እንባዬ መጣ።

ተረኛው ደርሶለት ስለነበር ወደ ከተማ አብረን ተመለስን፤ እኔ ከፊት ኬሻ ተሸክሜ፣ እሱ ከኋላ ጠመንጃ ይዞ። በዚህ አኳኋን ላይ እንዳለን ነው የአቶ ቢያድግልኝ ትራክተር ሰሊጥ የጫነ ተጎታች እየጎተተ ብቅ ያለው። ሽማግሌነቱ ለእሁድ ነው፤ ዓርብ የመጡት ሰሊጥ ሊሸጡ ነው። አይተውኝ ትራክተሩ በቅጡ ሳይቆም ዘለው ወረዱ። በዚያ ዕድሜያቸው!

«ቆይ! ቆይ! ምን አጥፍቶ ነው?» አሉ ሚሊሻውን። «ይህ የተከበረ ሰው ነው! ዋሱ እኔ ነኝ። የሚታሰር ካለ እኔን እሰሩኝ!»

ሚሊሻው፣ «ኧረ አልያዝሁትም አባባ» ሲል እሳቸው አልሰሙትም። ወደ እኔ ዞረው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እንዴት አደሩ አማቼ? ምን ደረሰብዎ?» አሉኝ።

አማቼ ሲሉኝ የመጀመሪያው ነበር። ምላሴ ከአፌ ውስጥ እንደ ታሰረ ጥጃ ተንፈራገጠ። ዓይናቸውን ካየሁ እንደምናገር አውቄዋለሁ። ስለዚህ ፊቴን አዙሬ፣ ርምጃዬን ፈጠን አድርጌ አለፍሁ። ባርኔጣቸውን እንደያዙ ከኋላዬ ቀሩ። ትራክተሩ እንኳ የተነሣው ቆይቶ ነው።

እቤቴ ገብቼ ወቀጥሁት፣ ዘፈዘፍሁት፣ ጨመቅሁት። ጭማቂው አረንጓዴ ነው፤ ከላዩ ላይ አረፋ አለው። ሬት ከሱ ጋር ሲወዳደር ማር ነው። ጠርሙሱን ትራክተሩ የመፍቻ ሣጥን ውስጥ ደብቄ በየጠዋቱ እዚያው ቆሜ እጨልጣለሁ። ውባለም ሽታው ደርሷት፣ «በስተርጅና አረቄ በጠዋት ጀመርክ?» አለችኝ። ዝም አልሁ። ጭማቂው ቆሽቴን ይጠብቅ አይጠብቅ አላውቅም፤ ከቆሽቴ በስተቀር ያለው ሁሉ ግን ወጥቷል።

እሁድ ደረሰ። በረንዳው ተጠርጓል፣ ጠላው ተጠምቋል፣ ጋሽ ተፈራ ነጭ ጋቢውን ለብሶ ከመካከል ተሰይሟል። በውባለም ቤተሰብ ታላቁ እሱ ነው፤ ከሽማግሌ ጋር የሚነጋገረው እሱ ነው። ጠበቅን። ፀሐይዋ ከፍ አለች። ጠበቅን። ጋሽ ተፈራ ጋቢው ውስጥ ላብ በላብ ሆነ። ማንም አልመጣም።

ከሰዓት በኋላ ጌትነት ለትርንጎ ደወለ። አባቱ «ዋስ ልሁንህ ስለው ፊቱን ካዞረብኝ ሰው ቤት ልጅ አልጠይቅም» እንዳሉ ነገራት። ውባለም እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ መጣች።

«ምን አድርገሃቸው ነው?»

ምን ልበላት? መንገር ክልክል ነው፤ ጠርሙሱ ገና ግማሽ ነው። «ምንም» አልሁ። እውነት ነበር፤ ያደረግኋቸው ነገር የለም። ችግሩም እሱ ነው።

ማታውን ትርንጎ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። እሷ ስትናደድ አትጮህም፤ እሱ ነው የሚያስፈራኝ።

«አባዬ፣ ጌትነትን ጠልተኸዋል?»

ራሴን ነቀነቅሁ፣ አልጠላሁትም ለማለት።

«ታዲያ ምን አጠፋን?»

«ትንሽ ታገሺ» አልኋት። ስትነሣ የሰርግ ቀሚሷን አየሁት፤ የስፌት መኪናዋ ላይ በመርፌ እንደተወጋ ቀርቷል። ከዚያ ቀን በኋላ የስፌት መኪናዋ ድምፅ ጠፋ። እኔ ደግሞ ለሷ ሰርግ ለመድረስ ብዬ ጠዋት ጠዋት መጠጣቴን ቀጠልሁ። ይህን ስጽፈው ራሴን ይገርመኛል፤ ያን ጊዜ ግን ደህና ሐሳብ ይመስለኝ ነበር።

የመጨረሻዋን ጉንጭ እንደዋጥሁ እየሮጥሁ ገብቼ ሁሉንም ለሚስቴና ለልጄ ዘረገፍሁት። ውባለም ጣቷን ቀሰረችብኝ።

«ለሰርጓ ልትደርስ ብለህ ሰርጓን ገደልኸው?»

ትርንጎ ተነሥታ ጫማዬን አምጥታ ፊቴ አስቀመጠችው። ሂድ ማለት ነው።

ወደ አቶ ቢያድግልኝ ቤት መሄጃው ግን ገንደ ውኃ ወንዝ ላይ ያልፋል። መድኃኒት ወንዝ አይሻገርም። ጠርሙሱ ባዶ ቢሆንም መድኃኒቱ እኔ ውስጥ ነው። እንድሪስን ጠየቅሁት።

«ሆዴ ውስጥ ያለው ይቆጠራል?»

አሰበ፣ አሰበ። «አባቴ ስለ ጠጪው አልነገረኝም።»

«በድልድይ ቢሆንስ? ውኃውን ሳልነካ?»

«አቦ ጋሼ፣ እኛ አገር ያን ጊዜ ድልድይ አልነበረም።»

ይህን እንደ ፈቃድ ቆጥሬ ሚኒባስ ተሳፈርሁ። ድልድዩ ላይ ስንደርስ እግሬን ከወለሉ ከፍ አድርጌ ሆዴን ይዤ ተሻገርሁ። አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ፣ «ምጥ ነው እንዴ?» ብላ ወደ መስኮቱ ሸሸች።

አቶ ቢያድግልኝን ከቤታቸው ደጅ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ያላልሁትን ሰላምታ ሁሉ፣ የዓርቡንም የእሁዱንም፣ አንድ ላይ አወረድሁባቸው። እንድቀመጥ በአገጫቸው አሳዩኝ። ነገርኋቸው።

«ቆሽት?» አሉ።

«ቆሽት።»

«ያመዎታል?»

«የለም።»

«አሞዎት ያውቃል?»

«የለም።»

«ታዲያ?»

«እንዳያመኝ ነው።»

እንደ ታመመ በሬ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «እኔ ልታሰርልዎ ስል፣ ስለ ቆሽትዎ ነው ፊትዎን ያዞሩብኝ?»

«ካየሁዎ እናገር ነበር። ስለማከብርዎ ነው ያዞርሁት።»

ሚስታቸው ከውስጥ ሳቋ አመለጣት። እሳቸው አልሳቁም፤ ግን ፊታቸው ፈታ አለ። «እንግዲህ ልጆቹ ምን በደሉ? ዓርብ ጠዋት እንመጣለን» አሉ። ትከሻቸውን ስሜ ወጣሁ። ሊሸኙኝ ተከትለው መጡ፤ ከደጁ ራቅ እንዳልን ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«እኔንም እኮ ከራት በኋላ እዚህ ጋ ይወጋኛል።» ያሳዩኝ ብብታቸውን ነው። «ሥሩ የት ነው ያለው?»

ነገርኋቸው። ሕጉንም አንድ በአንድ ነገርኋቸው። የድልድዩንም ነገር አስረዳሁ። ለምን ዓርብ እንደመረጡ ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ። ሰው እንዲህ ደስ ሲለው ግን አይጠረጥርም።

ዓርብ ነግቶ በረንዳው እንደገና ተጠረገ። ጋሽ ተፈራ ጋቢውን ደግሞ ለበሰ። ባለፈው መቅረታቸው እንደ እሳት እያንገበገበው ነው፤ የሥሩን ነገር ደግሞ አልነገርነውም፤ ከተነገረው እስከ መቃብሬ ይስቅብኛል። ፀሐይ ወጣ ስትል አቶ ቢያድግልኝ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር በራችን ላይ ብቅ አሉ። ልብሳቸው ንጹሕ ነው፤ ጫማቸው ግን አፈር ለብሷል። በሦስቱም እጅ ቀጭን ሥር አለ፤ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡን። አንዳቸውም ቃል አልተናገሩም።

ነገሩ ገባኝ። ናፍጣ እንደ ወርቅ በሚፈለግበት በዚህ ጊዜ ማን ሁለት ጊዜ ይመላለሳል? በአንድ ጉዞ ሥሩንም ልጅቷንም ሊወስዱ መጥተዋል። ሕጉ ደግሞ ሰውዬው እቤቱ እስኪመለስ አይናገርም ነው። ቤታቸው ከወንዝ ማዶ ነው።

መጀመሪያ ሌላው አልጠረጠረም፤ ሽማግሌ ጉዳዩን ሳይናገር አይቀመጥም፣ መቆማቸው ወግ ነው። ጋሽ ተፈራ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ምን እግር ጣላችሁ?»

ዝም። አቶ ቢያድግልኝ ወደ እኔ አዩ። ኋላ እንደነገሩኝ፣ «እሱ ባለበት ቤት የሌላ ሰው ቃል አያስፈልግም» ብለው ተማምነውብኝ ነው። እውነትም ጣልቃ ገባሁ።

«እነሱማ የመጡት ልጃችንን ለልጃቸው…»

«አንተን ማን ጠየቀህ?» አለ ጋሽ ተፈራ። «አንተ የልጅቷ አባት ነህ የልጁ? ለማን ነው የምትለምነው?» ደግሞ ወደ እነሱ ዞረ። «ምን እግር ጣላችሁ ብያለሁ!»

ዝም። አንደኛው ሽማግሌ በጣቱ ወደ ጓዳ አሳየ፤ ቀጥሎ ሁለት ጣቱን አጣመረ። ጋሽ ተፈራ ፊቱ ቀላ። ውባለምን አየኋት፤ ሥሩን አይታዋለች፤ ገብቷታል። ለጋሽ ተፈራ ብንነግረው የነሱ መድኃኒት ይረክሳል። ነገ አቶ ቢያድግልኝ ሆዳቸውን ቢይዙ፣ «አማቼ ነው የጨረሰኝ» ይላሉ። ካልነገርነው ደግሞ ልጃችን ቀረች። በጓዳው መጋረጃ ሥር የትርንጎ እግር ይታየኛል። አይንቀሳቀስም።

«በፊተኛው ቀጥረው ቀሩብን!» አለ ጋሽ ተፈራ እየተነሣ። «ዛሬ ደግሞ በራችን ላይ ቆመው እንደ ዲዳ ይጠቋቆሙብናል! እኛ ልጅ ጥለን አላሳደግንም። ሂዱ፤ ከዚህ በኋላ እዚህ ደጅ እንዳትደርሱ።»

ውባለም «ወንድም ጋሼ!» አለች። ሁለቱ ሽማግሌዎች ወደ በሩ ዞሩ። ያን ጊዜ አቶ ቢያድግልኝ በእጃቸው ያለውን ሥር አንድ ጊዜ አዩት። ከዚያ በረንዳው መካከል ወረወሩት።

«ኧረ የፈለገው ይሁን! ቆሽቴም ይረር፣ ጉበቴም ይረር!» አሉ። «እኔ ዕድሜዬን በልቻለሁ። ልጃችሁን ትርንጎን ለልጃችን ለጌትነት ስጡን ብለን ለምነን መጥተናል። ይኸው ተናገርሁ!»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። እነሱም ሥራቸውን ወረወሩና እኩል፣ «ስጡን!» አሉ።

ውባለም ነገሩ ከፈረሰ አይቀር ብላ ለጋሽ ተፈራ በሹክሹክታ አስረዳችው። ጋሽ ተፈራ ሥሮቹን አየ፣ ሽማግሌዎቹን አየ፣ በመጨረሻ እኔን አየኝ። «ወጉ፣ ዛሬ ሂዱና ሌላ ቀን ተመለሱ ነው የሚለው» አለ እየተቀመጠ።

«በምን ናፍጣ?» አለችው ውባለም።

ጋሽ ተፈራ ትንሽ አሰበና ቃሉን ወደ እኔ መራው። የልጅቷ አባት ነኝ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። አፌን ከፈትሁ፤ ምንም አልወጣም። እኚህ ሰው መንገድ ላይ ዋስ ሊሆኑኝ ከትራክተር ዘለሉ፤ አሁን ደግሞ ሳያመነቱ መድኃኒታቸውን ወረወሩ። እኔ ግን ልጄ በወዲያኛው ክፍል እያለቀሰች ጠርሙሴን እስከ አተላው ጨርሼዋለሁ።

«ይሄስ ምን ሆነ?» አለ ጋሽ ተፈራ። «ዛሬም ነቅሏል እንዴ?»

ትርንጎ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። ሙሽራ በዚያ ሰዓት አይወጣም፤ ማንም ግን አልተቆጣትም።

«አባዬ፣ በል እንጂ» አለችኝ።

«ሰጥቻለሁ» አልሁ።

ሌላ አንድም ቃል አልጨመርሁም። ውባለም፣ እስከ ዛሬ ከተናገርኸው ሁሉ ደህናው እሱ ነው ትለኛለች።